ክቡር አውራ ጣት

ወንድ ልጅ ሃምሳ ዓመት ሲያልፈው ከሦስት ነገር አንዱ ይይዘዋል። ወይ በማለዳ እየተነሳ መሮጥ ይጀምራል፣ ወይ ዓለም እንዴት መተዳደር እንዳለባት ላገኘው ሰው ሁሉ ማስረዳት ይጀምራል፣ ወይ ደግሞ ቁም ሳጥን ላይ ሠላሳ ዓመት አቧራ የጠጣውን ጊታር ያወርዳል። ከሁሉም የከፋው ሦስተኛው ነው። ሯጩ ቢያንስ ከቤት ይወጣል። አስረጂውም አፉ ሲደርቅ ዝም ይላል። ጊታር ያወረደ ሰው ግን አይወጣም፣ ዝምም አይልም። "አንዴ ከመጀመሪያው" ይላል እንጂ።

እናንተም አንድ ሳታውቁ አትቀሩም። አንዲት ልብስ ሰፊ የምታውቀው ልክ ከኮርኒሷ በላይ ነበር የሚኖረው።

ሰውየው የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው ጎን ተቀምጦ፣ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ የሰው ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ሲያይ የኖረ። ክፉ አይባልም፤ ያለው አንድ ሕግ ብቻ ነው። "ቀስ ብትል አልቆጣህም፣ ላብ ቢያጠምቅህም አልቆጣህም። ዳገት መሃል ሞተር ካጠፋህ ግን ወድቀሃል።" ከዚያ ወዲያ ቢያለቅሱም፣ ዘመድ ቢጠሩም እስክሪብቶው ወደኋላ አይመለስም።

በወጣትነቱ ጊታር ይመታ ነበር። ሦስት ኮርድ ያውቃል፤ በሦስቱ ኮርድ ሚስት አገባ፤ ጊታሩም ሥራውን ስለጨረሰ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ሲያወርደው ሌላ ሰው ቢሆን እነዚያኑ ሦስት ኮርዶች አራግፎ ይቀጥል ነበር። እሱ ግን "በዚህ ዕድሜ እንደ ጎረምሳ ክር መፋቅ አይመጥነኝም" አለና ስልኩ ውስጥ አንድ መላጣ አስተማሪ ፈልጎ አገኘ። መላጣው የሚያስተምረው ብሉዝ ነው፤ ያውም በጣት የሚለቀመውን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች ዱም፣ ዱም፣ ዱም እያለ ምቱን ሳያዛባ ይመታል። ሌሎቹ ጣቶች ደግሞ ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ እንዳሻቸው ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ያለቃቅሳሉ። ባጭሩ አውራ ጣት ሠራተኛ ነው፣ ሌሎቹ ወሬኞች ናቸው። የፈታኙ አውራ ጣት ግን ወሬ ይወዳል። እነሱ ሲጀምሩ ሥራውን ትቶ ያዳምጣል።

"ለመሆኑ ይሄ ብሉዝ የምትለው ምንድን ነው?" አለችው ሚስቱ።

"የከፋው ሰው ሙዚቃ ነው።"

"አንተን ደግሞ ምን ከፋህ? ምሳህ በሰዓቱ ይቀርባል፣ ሸሚዝህ ተተኩሶ ይጠብቅሃል።"

"እሱኮ ነው ችግሬ" አለ ፈታኙ፣ ከልቡ አዝኖ።

ከዚያ የጥፍር ነገር መጣ። መላጣው የቀኝ እጅ ጥፍር ረዘም ሲል ድምፁ ይጠራል ብሎ ነበርና ፈታኙ አራት ጥፍር አሳደገ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰሃን አላጠበም፣ ቆርቆሮ አልከፈተም፣ በቀኝ እጁ ሰው አልጨበጠም። ሚስቱ ባልዲ ስታቀብለው ጣቶቹን እንደ ሙሽራ ዘርግቶ "ጥፍሬ" ይላል። ቃሉን የሚልበት ድምፅ ሌላ ሰው "ልቤ" የሚልበት ነው።

ይሄ ሁሉ ጣጣ የሚወርደው ታች፣ ልብስ ሰፊዋ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ለቁም ነገር ያበቃች፣ ከአክስቷ በወረሰችው በእግር የሚረገጥ መኪና ጠዋት ማታ የምትሰፋ ሴት ናት። ፈታኙ ከሥራ ይገባና ልክ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወንበር ሲጎትት ይሰማታል። ከዚያ ጉሮሮ ይጠረጋል። ከዚያ ዱም፣ ዱም፣ ዱም።

ዘፈኑ አንድ ነው። መቁጠር ሥራዋ ስለሆነ ሳታስበው ቆጠረችው፤ አሥራ ሁለት ቦታ ይታጠፋል፣ እንደ ጉርድ ቀሚስ። ይህን ለመቁጠር መላጣው አላስፈለጋትም። ሰውየው ግን ስምንተኛውን አልፎ ዘጠነኛው እጥፋት ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ይተረተራሉ፣ አውራ ጣቱ ይቆማል፣ ዝም ይላል። ቀጥሎ "አንዴ ከመጀመሪያው።" ዳገት መሃል ሞተር ያጠፋ ሰው ሁሉ እንደሚወድቅ ሃያ ሁለት ዓመት የፈረደው ሰው በቀን አርባ ጊዜ ሞተር ያጠፋል።

በሦስተኛው ወር ትዕግሥቷ አለቀና በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ደበደበችው። ዷ፣ ዷ፣ ዷ፣ ዷ። ፀጥ አለ። "ተገላገልኩ" ስትል በሯ ተንኳኳ። ፈታኙ ደረጃውን ወርዶ፣ ሸሚዙን ቆልፎ ቆሟል።

"እህቴ፣ ምት ስለያዙልኝ ላመሰግንዎት ነው። እንደርስዎ ጆሮ ያለው ሰው በዚህ ሰፈር አላውቅም።"

መጥረጊያው እጇ ላይ እንዳለ ቀረ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? "ምንም አይደል ጋሼ" አለችው። እሱም "እንዲያው ነገ ትንሽ ጠንከር አድርገው" ብሏት ወጣ። ከዚያ በኋላ እሷና ሚስቱ "ክቡር አውራ ጣት" ነው የሚሉት።

ነገሩ እየቆየ የባሰ መጣ። ይኸውም ጩኸቱ አይደለም የሚያናድዳት፤ መጨረሻው ናፈቃት። መቼም ሰው አንድን ወሬ አራት ሺህ ጊዜ ጀምሮ አራት ሺህ ጊዜ ሲተወው አያንገበግብም? ሽንኩርት ስትከትፍ ስምንት ድረስ በአፏ ታንጎራጉርና ዘጠኝ ላይ ቢላዋው አየር ላይ ይቀራል። ሚስቱን ደረጃ ላይ አግኝታ ያዘቻት።

"እትዬ፣ በሞቴ፣ የዚህ ዘፈን መጨረሻ ምንድን ነው?"

"ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር" አለች ሚስት፣ "ይሄ ሰው ነገር ሲጨርስ ያየሁት ሠርጋችን ዕለት ብቻ ነው። እሱንም ካህኑ ናቸው የጨረሱት።"

በስምንተኛው ወር ግን ለውጥ መጣ። አውራ ጣቱ ሰው ሆነ። ሌሎቹ ቢያወሩ፣ ቢያለቅሱ አይሰማም፤ ዱም ዱሙን ይመታል። ዘጠነኛው ላይ ብቻ ነው አሁንም የሚደናቀፈው። ፈታኙ ደረቱን ነፍቶ ለቢሮው ሁሉ ነገረ፤ የመምሪያው ኃላፊ በጡረታ ሊሸኙ ነበርና ቅዳሜ ከሰዓት በሽኝቱ ላይ ጊታር እንደሚመታ አስመዘገበ። ለኃላፊው በስጦታ የሚሰጠውን ካፖርትም ልብስ ሰፊዋ እንድትሰፋው አደረገ።

ማክሰኞ ዕለት ካፖርቱን ስትሰፋ የመኪናዋን መንኮራኩር የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ። እግሯ ቆመ። ላይም ጊታሩ ቆመ። "አንዴ ከመጀመሪያው" አለ፤ ሁለተኛው ላይ ቆመ። ደግሞ ጀመረ፤ አሁንም ሁለት አላለፈም። ልብስ ሰፊዋ ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጠች። ቺንጋውን በገመድ ቋጥራ ጠገነችና ረገጠች፤ ላይ ጊታሩ ዱም፣ ዱም፣ ዱም አለ። እግሯን አቆመች፤ ቆመ። ረገጠች፤ ሄደ። ፈጠን አለች፤ ፈጠነ።

"ወይ ጣጣዬ" አለች። ሰው ሆነ የተባለው አውራ ጣት የእሷ ቀኝ እግር ነበር።

ልትነግረው ደረጃውን ግማሽ ድረስ ወጣች። በበሩ ክፍተት አየችው፤ ጊታሩን በጨርቅ እየወለወለ ለሚስቱ "የፊታችን ቅዳሜ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ሳልቆም እስከ መጨረሻው ከሄድኩ ሌላ አልጠይቅም" ይላታል። ሚስቱ አልሳቀችበትም። ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን አውልቃ ተመልሳ ወረደች።

ቅዳሜ መኪናዋን በጋሪ አስጭና አዳራሹ በር ላይ ደረሰች። "ይሄ ምንድን ነው?" አለቻት የኃላፊው ጸሐፊ።

"የካፖርቱ እጅጌ የሚያልቀው ባለቤቱ ባለበት ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ፊቷ ላይ አንድም ነገር ሳይነበብ። ከመድረኩ አጠገብ ያለችውን የወንበር ማስቀመጫ ክፍል ሰጧት። በሩን ገርበብ አደረገችው።

ንግግር ሆነ፣ ጭብጨባ ሆነ፣ ፈታኙ ወጣ። ወንበር ጎተተ። ጉሮሮውን ጠረገ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ቆመ።

"አንዴ ከመጀመሪያው" አለ። እንደገና ሁለተኛው ላይ ቆመ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። በአምስተኛ ፈተናው ያለፈው የቢሮው ሹፌር ከኋላ ሆኖ "ጋሼ፣ መሃል ላይ ሞተር ከጠፋ ምን ነበር የሚባለው?" ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፈታኙ አንገቱን ደፋ። አራቱ ረጃጅም ጥፍሮች ጭኑ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። እንዲያ ያለ መንቀጥቀጥ ስንቴ አይቶ ነበር፣ በሌላ ሰው ጉልበት።

በዚህ መሃል ከወንበር ማስቀመጫው ክፍል ትክ፣ ትክ፣ ትክ የሚል ድምፅ መጣ።

አውራ ጣቱ ቀና አለ። ቀና ብሎም አልቀረ፣ ሥራ ገባ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ወሬኞቹ ጣቶች ጨዋታቸውን ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ እጅጌውን መርፌው ሥር አድርጋ ትረግጣለች፤ ምን እንደምትሰፋ አታይም፣ አፏ ይቆጥራል። ሰባት። ስምንት። ዘጠነኛው ላይ እግሯን ለዘብ አደረገች፤ ዕቃ የተሸከመ ሰው በጠባብ በር ሲገባ እንደሚጠብቁት ያህል። ጣቶቹ ተንገዳገዱ፣ ተያያዙ፣ ገቡ። አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት።

መጨረሻው ሦስት ድምፅ ነበር። ከላይ ወደታች የሚወርድ፣ ደክሞት የዋለ ሰው በርጩማ ላይ ቁጭ ሲል የሚመስል። ስምንት ወር የጠበቀችው እሱን ነው። "ይሄ ነው? በቃ?" አለች ለራሷ፣ ዓይኗን በካፖርቱ ጥግ እየጠረገች።

ኃላፊው ካፖርቱን ሲለብሱ ግራ እጃቸው ገባ እንጂ አልወጣም። የእጅጌው አፍ ጥንቅቅ ብሎ ተሰፍቷል።

"ይሄ ነገር ምንድን ነው?" አሉ።

"ለብርድ ጥሩ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሰኞ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በሯ ተንኳኳ። ፈታኙ የፈተና ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። ልብ ብላ ስታየው ጥፍሮቹ ተቆርጠዋል፤ እሁድ ሰሃን ሲያጥብ ነው የዋለው አሉ።

"ዘጠነኛው ላይ ፍጥነት ቀንሰዋል" አላት።

"ዳገት ስለሆነ ነው" አለች።

"መቀነስዎ ተመዝግቧል።" ጻፈ። "ሞተር ግን አላጠፉም።"

"መቼ ነው ያወቁት?"

"ቺንጋው የተበጠሰ ዕለት። እስከዚያ ድረስ እውነቴን ነው፣ አውራ ጣቴ መስሎኝ ነበር።"

"አውቀው ታዲያ ለምን ወጡ? ራስ ምታት ያዘኝ አይሉም?"

ፈታኙ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካ። "ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሳስፈራ ኖርኩ። እንዴት እንደሚያስፈራ ግን ረስቼው ነበር።" ከዚያ ወረቀቱን ገንጥሎ መኪናው ላይ አስቀመጠላት፤ ከሥሩ አዲስ ቺንጋ ተጠቅልሏል። "አልፈዋል" ብሏት ወጣ።

ደረጃው ሲንቋቋ፣ ወንበር ሲጎተት፣ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማች። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ቆመ። የምትሰፋው ልብስ አልነበራትም፤ የዕለቱን ሥራዋን ጨርሳለች። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፣ አዲሱን ቺንጋ አጠለቀች፣ ባዶ መርፌው ሥር ምንም ሳታስገባ እግሯን መርገጫው ላይ አሳረፈችና ወደ ኮርኒሱ አንጋጣ፣

"አንዴ ከመጀመሪያው" አለች።