ሠራተኛውን ሁሉ የሰረዝኩ ቀን

ጊዜው ያለፈበትን ነገር መጣል አንወድም። ካላመናችሁኝ ቦርሳችሁን ክፈቱ፤ የተማሪነት መታወቂያችሁ እዚያው ነው። እኔ ግን ደመወዝ የሚከፈለኝ ለመጣል ነበር።

ሸሕዲ። የሰሊጥ አጨዳ ወቅት። ከአዲስ አበባ የተላክሁት ለአጨዳ የሚመጡ የቀን ሠራተኞች የተመዘገቡበትን ዳታቤዝ ላጸዳ ነው። ስም ሲጽፉበት ሠራተኛው የትኛው እርሻ ላይ እንዳለ ይናገራል፤ የሠራተኛ መታወቂያቸው ጊዜ ያለፈባቸው ሰዎች ግን እዚያው ተከማችተው ፍለጋውን ያንቀራፍፉታል። በጃቫ አጭር ኮድ ጻፍኩ፤ የማብቂያ ቀኑ ከዛሬ የሚቀድመውን ሁሉ ሰርዝ። አሠራሁት። ዳታቤዙ ንጹሕ ሆነ።

በጣም ንጹሕ። አንድ ሰው አልቀረም።

መዝጋቢያችን እታገኝ ቀኑን ስታስገባ የከረመችው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የእኔ ኮድ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ። ትናንት የተመዘገበውም ለእሱ ከዓመታት በፊት ያለፈበት ነው። መጠባበቂያ ቅጂ? አትጠይቁኝ።

"ያዲሳባው ልጅ፣ አንበጣ እንኳ እንዲህ አይጠርግም!" አለች እታገኝ።

በዚያችው ሰዓት ከጎጃም የመጡ አንድ አዛውንት ወደ ቢሯችን ገቡ።

"ልጄን ፈልጉልኝ። ደሳለኝ ይባላል። እናቱ አልጋ ይዛለች፤ ዓይኑን ሳላይ አልሞትም ትላለች።"

ስሙን ጻፍኩ። ምንም አልተገኘም።

"ምን ይላል፣ ልጄ?"

"እየፈለገ ነው አባባ" ብዬ ዋሸሁ።

"ይፈልግ፤ እጠብቃለሁ" ብለው በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ። ሁለት ቀን ሙሉ። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያዩኛል፤ እኔ ጫማዬን አያለሁ።

አዛውንቱ በመጡ ማግስት ሞንታርቦ የጫነ መኪና "ሠራተኛ ሁሉ እንደገና ይመዝገብ!" እያለ እርሻ ለእርሻ ዞረ። በሦስተኛው ቀን የምዝገባው ሰልፍ መንገድ ዘጋ፤ በየትራክተሩ ተሳቢ የመጣው ሰው ሁሉ የሚረግመው እኔን ነው። ድንገት ከመሃል አንዱ ማጭዱን ጥሎ ወደ አግዳሚው ሮጠ።

"አባዬ! እዚህ መሆኔን ማን ነገረዎት?"

"ኮምፒዩተሩ አስጠራህ" አሉ አዛውንቱ፣ ጉንጩን እየዳበሱ።

ደሳለኝ ሲመዘገብ ሽንፋ ካለ እርሻ ላይ ነበር። ከአሠሪው ተጣልቶ ወደ ገለጉ ከተሻገረ ወር አልፎታል። የእኔ ኮድ ባይሳሳት ኖሮ፣ ዳታቤዙ ምንም ሳያፍር አዛውንቱን ወደ ሽንፋ ይልካቸው ነበር።

አባትና ልጅ በዚያው ቀን አውቶቡስ ተሳፈሩ። አዛውንቱ በመስኮት እጄን ይዘው መረቁኝ። እታገኝ ከኋላዬ ሳቋን አፈነች።

ኮዱን አስተካከልኩ። አሁን የሚሰርዘው በትክክል ጊዜው ያለፈበትን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም አባት ከልጁ አላገናኘም።