ለእያንዳንዱ አይብ ወይኑ

ሰው ከጠገበ በኋላ ለራሱ የሚፈጥረው ሥራ ማለቂያ የለውም። እኛ አገር አይብ አይብ ነው፤ ጎመን ላይ ጣል ይደረጋል፣ ክትፎ አጠገብ ይቀመጣል፣ በምን አወራረድከው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቤሩት ስመጣ ግን አይብም እንደ ልጃገረድ ባል እንደሚፈለግለት ተማርኩ። ለስላሳው የፍየል አይብ ነጭ ወይን ይሻል። ቢጫው፣ ከርሞ የደረቀው፣ ጠንከር ያለ ቀይ ይወዳል። ሰማያዊ ሻጋታ የወረሰው ደግሞ፣ እኛ ብንሆን አርቀን የምንጥለው፣ ጣፋጭ ወይን ካልቀረበለት ያኮርፋል አሉ።

አሉ የምላችሁ ራስ ቤሩት ሰፈር የነበረችው የመጀመሪያዋ ማዳሜ፣ አሠሪዬ ናት። ፈረንሳይ አገር የተማረች ሴት ነበረች፤ አንድ ቀን የፍየሉን ከቀዩ ጋር ባቀርብባት እንግዶቿ ፊት ልታለቅስ ምንም አልቀራት። እኔም ሁዳዴን እየጾምኩ፣ አፌ ሳይነካው፣ በአፍንጫዬ ብቻ እየለየሁ ተካንኩበት። ከቤቷ ጠፍቼ ስወጣ ፓስፖርቴ መሳቢያዋ ውስጥ ቀረ፤ እውቀቱ ግን አብሮኝ ወጣ። ዶራ ሰፈር ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ግብዣ ባለበት ቤት እየተጠራሁ አይብ መቁረጥ ሥራዬ ሆነ። ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ሲጠሩት አቤት ባይ ነው፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ፋናር የሚባል ሰፈር ተጠራሁ። የእርስ በርስ ጦርነታቸው ካበቃ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የሕንፃው ጎን በጥይት ተበሳስቷል፣ ሳሎኑ ግን ያብረቀርቃል። ማዳሟ «ቦንዡር» ብላ በትሕትና ተቀበለችኝና ሰራተኛዋ ወዳለችበት ወጥ ቤት አስገባችኝ። ሰራተኛዋ ይታይሽ ትባላለች፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ። አማርኛ የሚናገር ሰው በማግኘቷ ተጠምጥማ ሳመችኝ፤ ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ አንድ ነገር ለመነችኝ።

«እታለም፣ ማዳሟን የክፍሌን ቁልፍ ትስጠኝ በይልኝ።»

ክፍሏ ከወጥ ቤቱ ኋላ፣ ድንችና መወልወያ የሚቀመጥበት ነው፤ በሩ አይቆለፍም። የማዳሟ ወንድም በየቅዳሜው ይመጣና እዚያው ቤት ያድራል። እሷ ከመጣች ወዲህ ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች ያንን በር ከፍቷል። ከዚህ በላይ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። እንግዶቹ ይሂዱና እነግርልሻለሁ አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ? ከግብዣ በፊት እንዲህ ያለ ወሬ የምታነሳ ሴት ሁለተኛ አትጠራም ብዬ ነው። ይልቅ ቋንቋ ላስተምርሽ ብዬ፣ እነሱ አይብን ጂብኔ ነው የሚሉት አልኳት።

እንግዶቹ መጡ። እኔ ሳሎን ጣውላው ላይ አይቡን እየደረደርኩ የቱ ከየቱ እንደሚጠጣ ሳስረዳ፣ የማዳሟ ወንድም ወይኑን እኔ ላምጣ ብሎ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ጠርሙስ ሲሰበር ሰማን። ይታይሽ የሽርጧ ማሰሪያ ተበጥሶ ወጣች፣ እንግዶቹ መሃል ቆመች፣ ከኋላዋ የሚመጣውን ሰውዬ በጣቷ እያሳየች በአማርኛ «ይተወኝ በሉት» አለች። ማዳሟ ከወንበሯ አልተነሳችም። ልጅቷንም አላየች፤ ያየችው እንግዶቹን ነው። ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ቃል ተናገረች።

«ዐይብ።»

በዐረብኛ ነውር ማለት ነው። ይታይሽ በሦስት ሳምንቷ እዚህ ቃል ላይ አልደረሰችም። ማዳሟን አማርኛ ያስተማርኳት እኔ መስዬአት ነው መሰለኝ፣ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፣ አይብ የተደረደረበትን ጣውላ በሁለት እጇ አንስታ ለማዳሟ አቀረበችላት።

አንዷ እንግዳ ሳቀች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ሳሎኑ ቀለል አለው። ወንድምየውም ሻጋታ የወረሰውን አይብ አነሳና በቀይ ወይን አወራረደው። ያንንም አስተዋልኩ፣ አየሁና ይሄማ አይሄድም አልኩ በሆዴ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እዩልኝ። ማዳሟ ምን እያለች ነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ ጠርሙስ ሰብራ ደንግጣ ነው አልኳት። ዋሸሁ። ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል።

እንግዶቹ ሄደው ብርጭቆ ሳጥብ እንደ ምንም ብዬ ለማዳሟ ነገርኳት። ወንድሟን ሳልደብቅ፣ ቁልፉን ሳልረሳ፣ ሁሉንም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አለመገረሟ ነው ያስፈራኝ። ቁልፉ በፊተኛዋ ሰራተኛ ጊዜ ጠፍቷል አለች። ስለ ወንድሟ እንዲህ ማውራት ራሱ ዐይብ ነው አለች። ከዚያ ፎጣ አቀበለችኝና ፈገግ ብላ እንደ ወዳጅ ጠየቀችኝ።

«ፓስፖርትሽ ማን ጋ ነው፣ ሐቢብቲ?»

ኸላስ፣ በቃ አልኩ፤ እጄን አደረቅኩ። ወይንን ከማይስማማው አይብ ጋር ማቅረብ የሚያሳፍራቸውን ሰዎች፣ አንዲትን ልጅ ከማይቆለፍ በር ጋር ማሳደር አላሳፈራቸውም። እኔም ይህን ያሰብኩት በልቤ ነው፤ በልብ ማሰብ ወረቀት አይጠይቅም።

ይታይሽ ቆሻሻ ልትጥል የወጣች መስላ ደረጃው ላይ ትጠብቀኝ ነበር።

«ምን አለችሽ?»

«ዐይብ ነው አለች» አልኳት።

«አይቡንማ ሰጠኋት እኮ» አለች። «ቁልፉን ነው የምልሽ።»

ወደ ዶራ የሚወርደው ቫን ሊነሳ ሆነ፤ ደረጃውን ወረድኩ።