የጨረር ሳጥኑና የእትዬ ማርታ ድንጋዮች

ሌባ የሚወደው ንብረት አለ፤ ሌባ የሚሸሸውም ንብረት አለ። የመጀመሪያውን ለመጠበቅ ዘበኛና ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ለሁለተኛው ግን ወሬ ብቻ የሚበቃ ይመስለን ነበር። እኔ ያየሁትን ሁሉ የምቆጥር ሰው ነኝ። ከቤቴ እስከ ሆሳዕና ገበያ ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የጎረቤቴ ጣሪያ ስንት ቆርቆሮ እንደፈጀም ከባለቤቱ ይልቅ እኔን ብትጠይቁ ይሻላችኋል። ድንጋይ ተሸካሚ ሆኜ የጀመርኩትን ሰውዬ ንብረት ያዥ ያደረገኝ ይኸው አመሌ ነው። ታዲያ ልንገራችሁ፦ ዓይን የማያየውን ነገር የመቁጠርን ያህል ሰውን የሚያሞኝ ሥራ የለም።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ሁላችንም ጓድ የነበርንበት። ከሆሳዕና ወጣ ብሎ፣ ሌሞ ውስጥ፣ መንገድ እንሠራ ነበር። የዚያን አገር ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጭጋጉ ከእንሰቱ መካከል እየተነሳ ሲመጣ ሮለሩም፣ ፈረሱም፣ ኢንጂነሩም እኩል ደመና ለብሰው፣ መሬት ሳይነኩ የሚሄዱ ይመስላሉ። ሰው ሲጠሩት ድምፁ ቀድሞ ይመጣል፤ እሱ ራሱ ዘግይቶ ይደርሳል። አሁን ሳስታውሰው፣ እውነት እዚያ ሠርቼ ነው ወይስ በሌላ ሰው እንቅልፍ ውስጥ አልፌ ነው እላለሁ።

ከንብረቶቻችን ሁሉ የተከበረው አንድ ቢጫ መሣሪያ ነበር። ስፋቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ብዙ አይበልጥም፤ ክብደቱ ግን ድፍን ድንጋይ ነው። አፈሩ በደንብ መጠቅጠቁን የሚለካው ሆዱ ውስጥ ባለ ጨረር ነው። ኢንጂነሩ ሰብስቦን፣ «ይህ ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ አይሰማም፤ ያለአግባብ የከፈተውን ሰው ግን ይጎዳል» አለን። ጀርባው ላይ ከአንድ መሐል የወጡ ሦስት ጥቁር ቅጠሎች የሚመስል ምልክት ተስሎበታል። ማታ ማታ እንደ ሕፃን የሚተኛበት የራሱ ትልቅ፣ ባዶውንም የሚከብድ መያዣ ሳጥን አለው፤ መያዣው የሚያድርበት የቆርቆሮ ክፍል፣ ክፍሉ ሁለት ቁልፍ፣ ከቁልፎቹ ፊት ደግሞ አቶ ኤርጫፎ የሚባሉ፣ ካፖርታቸው ከሳቸው በዕድሜ የሚበልጥ ዘበኛ ነበሩት።

እኔ በየማታው በሩ ላይ እቆምና በዓይኔ እቆጥራለሁ። መያዣው አለ። አንድ። እፈርማለሁ፣ እቆልፋለሁ፣ እሄዳለሁ። ክዳኑን ልክፈተው እንዴ? እኔ ልጆች ላሳድግ እንጂ!

አንድ ሰኞ ጠዋት በመሣሪያው የሚለካው ቴክኒሻን መያዣውን ሥራ ቦታ ወስዶ ሲከፍተው ባዶ ሆኖ አገኘው።

ካምፑ ተናወጠ። ኢንጂነሩ ፊቱ አመድ መሰለ። የቀበሌው ካድሬ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ መጣና ያን ጊዜ ሰው የሚያጠፋውን ቃል ተናገረ፤ «አሻጥር!» መዝገቤ ተገለጠ። ቅዳሜ ማታ መሣሪያው መግባቱ በእኔ ፊርማ ተጽፏል። ቁልፎቹ አልተሰበሩም። እሑድን ሙሉ ግቢው ውስጥ የነበሩት አቶ ኤርጫፎ ብቻ ናቸው። ቴክኒሻኑንም ጠየቁት፤ «ቅዳሜ መልሰኸዋል?» ትንሽ አሰበና፣ «መዝገቡ ገብቷል ይል የለም እንዴ? እኔ ከመዝገብ እበልጣለሁ?» አለ። አቶ ኤርጫፎ ታሰሩ። ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሚነሳው መኪና ወደ በላይ አካል ለምርመራ እንደሚላኩ ተነገረ። ወደ በላይ የሄደ ሰው እንዴት እንደሚመለስ፣ ከተመለሰም ማለቴ ነው፣ ለናንተ ማስረዳት የለብኝም።

ረቡዕ ጠዋት ዳቦ ይዤላቸው ሄድኩ። ቀበሌው እህል ያከማችበት በነበረ ክፍል ውስጥ ካፖርታቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«አቶ ኤርጫፎ፣ አይዞዎት» አልኩ።

«አይዞህ ያልከኝ አንተ፣ ያሳሰርከኝም አንተ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቅዳሜ ማታ የቆጠርከው ዕቃውን ነው ክዳኑን?»

ዳቦውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ክዳኑን ነዋ!» ብለው ሳቁ። «እኔም የጠበቅሁት ክዳኑን ነው። ሁለታችንም ሥራችንን በደንብ ሠርተናል።»

ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ያልገባ ነገር ሊወጣ አይችልም። ሮጬ ቴክኒሻኑን ያዝኩት። ቅዳሜ የት ነበርክ? አሥራ ሰባተኛው የመንገድ ችካል ጋ። ከዚያስ? ምሳ ሊበላ ሄደ፣ ዝናብ መጣ፣ የቀን ሠራተኞቹ መያዣውን ጭነው ገቡ። መሣሪያውን ማን ከተተው? ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ገባኝ፤ ሁሉም ሌላው ከቶታል ብሎ ነው።

ጋሪ ለምኜ ወጣሁ። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ችካሎቹ አንድ በአንድ ከነጭ ውስጥ ብቅ እያሉ ይጠፋሉ፤ እኔም እንደ ጸሎት እቆጥራቸዋለሁ። አሥራ ሰባተኛው አጠገብ አንድ ጓሮ አለ፤ ጭስ ከሣር ክዳን ላይ ቀስ እያለ ይወጣል። ቅጠል እየገፋሁ ገባሁ። በእንሰቱ ጥላ ውስጥ፣ የቆጮ ጉድጓድ ላይ፣ ጤዛ ለብሶ፣ ቢጫው መሣሪያችን ተቀምጧል። ደግሞ ሲያምርበት! እዚያው የበቀለ ነበር የሚመስለው።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ማርታ ወጡ፤ ከሌሊት ጸሎት የመጡ፣ ነጠላቸውን በወጉ ያጣፉ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው።

«እትዬ፣ ይህ የመንግሥት ዕቃ ነው። ከየት አገኙት?»

«ከድንጋዮቼ ቦታ ነዋ! ቆጮዬን የምጫንባቸው ድንጋዮች አጥሩ ሥር ነበሩ። መኪናችሁ መጥቶ ለመንገዱ ጭኖ ሄደ። ዝናቡ ሲያባራ ብወጣ ይህ በቦታው ተቀምጧል። ከባድ ነው፤ ቅጠል ተስሎበታል። ለእንሰት ያሠሩት ነው፣ ድንጋዬን ወስደው ይህን ተኩልኝ ብዬ አመሰገንኩ።»

«እትዬ፣ ይህ አደገኛ ነው።»

«አደጋስ ጉድጓዱ ተከፍቶ ሲያድር ነው! ቆጮው አየር ከገባው ይበላሻል። ክረምቱን እቤቴ ያሉት ነፍሶች ሁሉ ምን ይብሉ? ድንጋዬን አምጣና ሳጥንህን ውሰድ።»

«ሰው ታስሯል፣ እትዬ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊወስዱት ነው።»

ደነገጡ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ግን ከጉድጓዱ ፊት አልተነሱም። «ታዲያ ፍጠን» አሉኝ።

ምን ላድርግ? የመንገድ ሥራችን ድንጋይ መፍጫ ቅርብ ነው፤ እዚያ የሳቸውም ድንጋይ የተደባለቀበት፣ ተራራ የሚያህል ክምር አለ። ግን ያ ክምር የመንግሥት ንብረት ሆኗል፤ ያለ ወረቀት አንዲት ጠጠር አትወጣም፤ ወረቀቱን የሚፈርመው ደግሞ ሆሳዕና ስብሰባ ላይ ነው። የተሰረቀ የሚመስለውን ያልተሰረቀ ዕቃ ለመመለስ፣ እኔ ንብረት ያዡ፣ በጭጋግ ተከልዬ፣ ሰባት ድንጋይ ሰረቅሁ። እትዬ ማርታ አንድ በአንድ እያገላበጡ ተረከቡኝ። «የኔዎቹ ይሻሉ ነበር» አሉ። እንደኔው ያለ ሰው!

ጋሪው በጭቃው እየተጎተተ በስምንት ሰዓት ተኩል ቀበሌ ደረስኩ። ኢንጂነሩ ትክ ትክ የሚል የጨረር መለኪያ ይዞ መሣሪያውን ዞረው፤ እንደተዘጋ ነው፣ ጨረሩም ከቦታው አልተነቃነቀም። በማግስቱ ጉድጓዱንም ለክቶ ቆጮው ደህና ነው አለ። ካድሬው ግን አልተደሰተም።

«ማን ሰረቀው?»

«ማንም። እኛ መንገድ ላይ ጣልነው፤ አንዲት እናት አነሱልን።»

«መዝገቡ ገብቷል ይላል። ወይ መዝገቡ ውሸት ነው፣ ወይ ዘበኛው ሌባ ነው። አንዱን ምረጥ፣ ጓድ።»

በሕይወቴ ተሳስቼ አላውቅም ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ። የመኪናው ሞተር ውጭ ተነስቷል። ብዕር ተቀበልኩና፣ «ቆጣሪው ባዶ ሳጥን ቆጥሯል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። አቶ ኤርጫፎ ካፖርታቸውን እያራገፉ ወጡ፤ ሲያልፉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ለመሣሪያው ሦስተኛ ቁልፍ ተገዛለት። እኔን ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ውድ ነገር ለመጠበቅ አልታመንም ተብሎ፣ ለቅጣት ወደ ድንጋይ መፍጫው አዛወሩኝ። እዚያ ስደርስ የመጀመሪያ ሥራዬ ክምሩን መረከብ ነበር። አንዴ ዞርኩት፤ ከዚያ «ሙሉ ነው» ብዬ ፈረምኩ።