በሁለት «ወእምዝ» መካከል

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ደብራችን ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅዬ ነበር። የመጽሐፍ ማኅደር ውስጥ ገብቻለሁ፤ የቆዳው ማንገቻ ችካል ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጭንቅላቴ ብቻ ወደ ውጭ ወጥቷል። በግራዬም በቀኜም ሰው ተሰቅሏል። መጻሕፍቱ ደግሞ ከታች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ከጎኔ የተሰቀሉት ቄሰ ገበዙ አንገታቸውን ወደ እኔ አዘንብለው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አውርዶ እንዳላነበባቸው፣ ምስጥ እንዳይበላቸው እንደሚሰጉ በሹክሹክታ ነገሩኝ።

ለምን እንደተሰቀልኩ አልጠየቅሁም። ብራና ጸሐፊው አባቴ መሪጌታ ዕንቁባሕርይ ሐምሌ ላይ አረፈ። የመጨረሻ ሥራው የአንድ ጻድቅ ገድል ነበርና ለደብሩ ሰጠን። መጻሕፍትን የሚመረምሩት የኔታ ስነ ጊዮርጊስ ሲነበብላቸው፣ አንድ መስመር እንደጎደለ ጆሯቸው ነገራቸው። የት ላይ እንደሆነ ግን አልያዙትም። እስከ እሑድ ካልተገኘ የጸሐፊው ስም ከመጨረሻው ገጽ ይፋቃል አሉ። እኔም አሥራ ሰባት ቀን ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጬ ስፈልግ ሰነበትኩ።

ፍለጋውን ያስተማረኝ ራሱ አባቴ ነው። ተመሳሳይ ቃል በቅርብ ለቅርብ ሁለት ጊዜ ሲመጣ ጣትሽን አኑሪበት ይለኝ ነበር። የጸሐፊ ዓይን ከአንደኛው ተነሥቶ ሁለተኛው ላይ ያርፋል፤ በመካከል ያለው ይወድቃል። ስለዚህ «ወእምዝ» የሚለውን ቃል ተከተልኩ፤ «ከዚህም በኋላ» ማለት ነው። ስከተለው ደነቀኝ። ጻድቁ መንገድ ሲጀምር ወእምዝ ይበዛል፤ ሲጸልይ ቃሉ ይጠፋል፤ ወደ በረሃ ሲቃረብ እንደ ጣሪያ ጠብታ እያከታተለ ይመለሳል። ቃሉ ራሱ የሚተነፍስ ይመስል ነበር።

በሕልሜ አንድ ጥላሸት የጠገበ ወፍራም መጽሐፍ አወረደኝና ጣቱን በምራቁ አርሶ ገለጠኝ። አላመመኝም። ልጅነቴን ጮክ ብሎ አነበበው፤ ብራና ሲወጠር ጫፉን ይዤ ስቆም፣ ማንም ሳያስቆጥረኝ ፊደሉን ከአባቴ ብርዕ ሥር ስለቅም። ሌሎቹ መጻሕፍት ከንፈራቸውን እየመጠጡ ሰሙ። ትንሽ እንደሄደ ቆም አለና «አባዬ እንዳለው» የሚል ቃል አገኘ። ቀይ ክር አሰረበት። ቀጠለ፤ አሁንም «አባዬ እንዳለው»፤ አሁንም ክር። በመጨረሻ ዓይኑ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ዘሎ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰኝ።

«ባሌስ?» አልኩት።

«ወድቋል።»

«ልጆቼስ?»

«አብረውት።»

ይህን ሲል ገጼን እንኳ ቀና ብሎ አላየም። ቄሰ ገበዙ ከላይ ሆነው ሳቁብኝ።

ወዲያው አንዲት ነጭ ፍየል መነጽር አድርጋ ገባች። መጻሕፍቱ በሙሉ ከርጩማቸው ተነሡ፤ ሁሉም ከእሷ ቆዳ ናቸውና እንደ እናት ነው የሚያፍሯት። ፍየሏ ጀርባዬን ደባበሰችና መስመር እንደሚይዝ ለመጻሕፍቱ ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አንዴ ፀጉሬን ፋቃችሁ ዝም አልኩ» አለች። «አሁን ደግሞ ስም ለመፋቅ ጀርባዬ ላይ ቢላዋ ልታሳርፉ ነው?»

እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም አልኳት። ከመጨረሻዎቹ አሥር ቅጠሎች አንዷ እሷ እንደሆነች ነገረችኝ። አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ መጽሐፉን ሳገላብጥ አሥሩን ለምን እንዳልገለጥኩ ጠየቀችኝ። «ነይ» ብላ በጥርሷ ቀሚሴን ይዛ ጎተተችኝ።

ዕቃ ቤቱ አልነበረም። ከፊቴ ሁለት «ወእምዝ» ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው ከዝግባ ይረዝማሉ፤ ቀለማቸው ገና አልደረቀም። በመካከላቸው ገባን።

አገር ነበር። ጫፉ አይታይም። ጸሐፍት ከጥንት ጀምሮ የዘለሉት ሁሉ እዚያ ይኖራል። አንድ መነኩሴ ወንዝ ሊሻገር እግሩን አንሥቶ ቆሟል፤ እግሩን የሚያሳርፍበት መስመር ወዲያ መጽሐፉ ውስጥ ስለቀረ፣ እዚህ ሆኖ ይጠብቀዋል። በስተቀኝ ዝናብ ይዘንባል፤ እንዲያቆም የታዘዘበት ቃል እዚህ ወድቆ ማንም አላነበበለትም። ንጉሥ አየሁ፤ ስሙን ጠየቅሁት፤ እኔም የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው አለኝ። ማንም አያለቅስም። የሞቱ አይመስሉም፤ ስማቸው እስኪጠራ እንደሚጠብቁ እንግዶች ጸጥ ብለዋል። ስንት ሰው ነው በሁለት ቃል መካከል የሚያልፈው! ተንበረከክሁ።

ከአባቴ መጽሐፍ የወደቀው የትኛው እንደሆነ ጠየቅሁ። አንዲት ሴት እንስራ አዝላ መጣች። ጻድቁ በበረሃ ተጠምቶ ውሃ ሲለምን ያጠጣችው እሷ ናት። በእኛ መጽሐፍ ግን ውሃ ይለምናል፣ ወዲያው ደግሞ ያመሰግናል፤ ማን እንዳጠጣው አይታወቅም።

«አባቴን ይቅር በይው» አልኳት። «ታሞ ነበር።»

«የዘለለኝ እጅ ትንሽ ነው» አለች። «ጥፍሩም የሴት ነው።»

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። አሥሩን ቅጠል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሚያዝያ ጀምሮ የአባቴ እጅ ብርዕ መያዝ አቃተው፤ መጽሐፉ ሳያልቅ ሊሞት መሆኑ ያስለቅሰው ነበር። ስለዚህ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ በእሱ እጅ አጣጣል ጨረስኩለት፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስሙን ያሰፈርኩም እኔ ነኝ። ከሁለታችን በቀር ያወቀ የለም። አንድ ቀን ወእምዝ ብዬ ጽፌ ብርዑን ቀለም ሳጠቅስ አባቴ አስሎ ውሃ ለመነኝ። ተነሥቼ አጠጣሁት። ተመልሼ ስቀመጥ ዓይኔ ሁለተኛው ወእምዝ ላይ አረፈ።

ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ሳልነግራት አወቀችው። እንስራዋን አወረደችና፣ «ጠጣልሽ?» አለችኝ።

«ጠጣ።»

ራሷን ነቀነቀች። ቀና ስል አባቴን አየሁት። በጣም ሩቅ ነው፤ ሰማዩን እንደ ብራና ወጥሮ በወስፌ መስመር ያሰምራል፤ መስመሩ ከአድማስ እስከ አድማስ አይዛባም። ጠራሁት። ሲያሰምር እንዳናናግረው እንደሚያደርገው መዳፉን ወደ ኋላ ዘረጋልኝ፤ ፊቱን ግን አልመለሰም። እንዲያ ሆኖ ሲሠራ እያየሁት ዘመን ያለፈ መሰለኝ።

በሩ ሲንኳኳ ነቃሁ። ነግቷል። ወንድሜ ይኸነው ነው፤ ከቅዳሴ መምጣቱ ነው፤ ፊቱ በርቷል። መስመሩ ተገኘ አለኝ። የኔታ ሌሊቱን ገድሉን በቃላቸው ሲወጡት ውሃ ያጠጣችው ሴት ጋ ደርሰው ብድግ አሉ፤ መጽሐፉን አስመጥተው ቢያዩ፣ ከመጨረሻው ስምንተኛው ቅጠል ላይ የለችም። የመሪጌታ እጅ በመጨረሻው ደክሞ ነበር፣ ነፍሱን ይማር ብለው ይቅር አሉት። ስሙ አይፋቅም።

የአባቴ እጅ በጻፈው ሁሉ አንድ ፊደል አልዘለለም። ዝም ካልኩ ስሙ ይኖራል፤ የእኔ ስሕተት ግን በእሱ ላይ ይኖራል። ከተናገርኩ ደግሞ ማንም ያልፈቀደላት ሴት የጻፈችው ተብሎ አሥሩ ቅጠል ይወጣል፤ ስሙ ያለው አሥረኛው ላይ ነው።

«ምነው እቴ፣ ደስ አላለሽም?» አለ ይኸነው። የቀረው ትንሽ ነገር ነው አለኝ። መስመሩ በገጹ ዳር፣ ኅዳጉ ላይ ይጻፍ ተብሎ፣ የኔታ ተማሪዎቹን ሁሉ ቢያጽፉ የእነዚያን የመጨረሻ ቅጠሎች እጅ የሚመስል አጡ። የአባዬን እጅ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እንዲህ የሚጽፍ ሰው ታውቂ እንደሆነ እንድጠይቅሽ ልከውኛል አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ማን ነው?»

እጄን ታጥቤ ከእሱ ቀድሜ ወጣሁ።