እንብላ በዌምብሊ

ቀበቶዬ ቀዳዳ አለቀበት። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ በምስማር አንድ በሳሁለት። ቆይቼ ሌላ በሳሁ። ሦስተኛውን ልበሳ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ መዶሻ ሳነሳ፣ ልጄ ሳሮን ከማንቸስተር ልትጠይቀኝ መጥታ ኖሮ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ሳሮን ነርስ ናት። ነርስ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እየሳመቻችሁ በዓይኗ ትመዝናችኋለች። ምሳ ምን በላህ አለችኝ። ሻይ በዳቦ አልኳት። ትናንትስ? ዳቦ በሻይ። እኔ ያስቃታል ብዬ ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

እናንተዬ፣ ምግብ አጥቼ እንዳይመስላችሁ። ባለቤቴ ጽጌ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ማቀዝቀዣዬን ባዶ አድርገውት አያውቁም። ወጡን አሞቃለሁ። አቀርባለሁ። ትይዩ ያለውን ወንበር አያለሁ። መልሼ እከድነዋለሁ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ አባቶቻችን። ብቻውን የቀረ ሰውስ ምን አድርጎ ይብላ? እሱን ሳይነግሩን ሄዱ።

ሳሮን እስከ እንቁጣጣሽ ቀን ሰጠችኝ። እስከዚያ ሰው ካልመሰልኩ ሻንጣ ይዛ ትመጣለች፤ ከእሷ ጋር ማንቸስተር እገባለሁ። አለቀ። ማንቸስተርን አልጠላም። ዝናቡም ያው የምናውቀው ዝናብ ነው። ግን እዚህ ጽጌ የመረጠችው መጋረጃ አለ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያልፍበት ሳሎኑ በሙሉ የማር ቀለም ይይዛል፤ እኔም በዚያች ሰዓት ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን የምታንቀሳቅስ ይመስለኛል። ይህን ለነርስ ማስረዳት አይቻልም። መድኃኒት ያዝዙልሃል።

ከመሄዷ በፊት አንድ ጽሑፍ በስልኬ ላከችልኝ። የማላውቀው ሰው ነው የጻፈው። ዌምብሊ ውስጥ የሚበላባቸውና የሚጠጣባቸው አሥር ቦታዎች ይላል። ሰፈራችንን አፕ ኤንድ ካሚንግ ይለዋል። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኋት። ገና ብቅ እያለ ያለ፣ ነገ ትልቅ ቦታ የሚደርስ ሰፈር ማለት ነው አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬበት ገና ብቅ እያለ ነው? ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ የት ነበር የማድረው? ብቻ ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ በየቅዳሜው ከአሥሩ አንዱ ጋ ሄጄ እበላለሁ፣ የሳህኑን ፎቶ እልክላታለሁ።

እውነቱን ለመናገር ቦታዎቹን በሙሉ አውቃቸዋለሁ። በመስኮት። አምና ጡረታ እስክወጣ ሃያ ሁለት ዓመት ቀይ አውቶቡስ ነድቻለሁ። መብራት ሲይዘኝ ዓይኔ ወደ ጎን ይሄዳል። አንዲት ልጅ ሾርባዋን እፍ ስትል አያለሁ። አንድ ሽማግሌ ለሚስቱ የዓሣ አጥንት ሲለቅምላት አያለሁ። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ እዚያው ትቻቸው እሄዳለሁ። አንዳንዴ ግን ያቺ ሾርባ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አብራኝ ትሄዳለች። በርዶላት ይሆን? እያልኩ እነዳለሁ። ገብቼ እቀመጣለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ቤት እያለ ውጭ መብላት ለጽጌ ስድብ ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ስታዲየሙ አጠገብ ሄድኩ። ምግብ ቤቶቹ ኮንቴይነር ውስጥ ናቸው። አዎ፣ መርከብ ላይ የሚጫነው ኮንቴይነር። እንደመጣሁ ሰሞን መጋዘን ስሠራ ስንቱን ኮንቴይነር አራግፌያለሁ፤ አንድ ቀን ሰው ገብቶበት ሹካ ይይዛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። የፍየል ዓይብ ያለበት ቅጠላ ቅጠል አዘዝኩ። ፎቶ አነሳሁ። መዋጥ ግን አልሆነልኝም። በወረቀት ጠቅልዬ መናፈሻ ሄድኩና ለእርግቦች በተንኩት። የዌምብሊ እርግቦች ለሦስት ሳምንት ያልቀመሱት የለም። በአራተኛው ቅዳሜ የወረቀት ሳህኑን ይዤ መናፈሻ ደርሼ ነው ፎቶ አለማንሳቴ ትዝ ያለኝ። እዚያው አነሳሁ። የእርግብ እግር ገባበት። ሳሮን ደወለች። ከዛሬ ጀምሮ ከመብላትህ በፊትም ከበላህ በኋላም ፎቶ ትልካለህ፣ አንተም ትታይበታለህ አለችኝ። ጉድ ፈላ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አልለፍ። እንግሊዞች ሲጋብዙ አንዴ ነው የሚጠይቁት። ይህን የተማርኩት አገሩን ሳልለምድ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ ሻይ የጠራኝ ቀን ነው። ሚስቱ ኬክ ትፈልጋለህ ወይ አለችኝ። ይሉኝታ ያለኝ ሰው ነኝ፣ ኖ ታንክ ዩ አልኳት። በልቤ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነው። በሁለተኛው ትንሽ እግደረደራለሁ፣ በሦስተኛው በሞቴ ስትል እጄን እሰዳለሁ። ሴትዮዋ ኬኩን አንስታ ወጥ ቤት ገባች። በቃ! ቤት ገብቼ ለጽጌ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። እስከ ዛሬ ያ ኬክ በሕልሜ ይመጣል። ሎሚ ነገር ነበረበት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አምስተኛው ቅዳሜ ተራው የአንድ ካፌ ነበር። ቦታው ድሮ ላውንደሬት፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነበር። የቤታችን ማጠቢያ ሲበላሽ ጽጌና እኔ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ ልብሳችን በመስተዋቱ ውስጥ ሲዞር ፈዝዘን እናይ ነበር። የእኔ ሸሚዝ እጅጌ የእሷ ነጠላ ላይ ሲጠመጠም፣ ሲለቀው፣ ደግሞ ሲጠመጠም። ክረምት ከሆነ ማድረቂያው ጉልበታችንን ያሞቀዋል። እንግዲህ እዚያ ቦታ ነው አሁን ዳቦ በአቮካዶና በእንቁላል የሚሸጡበት። በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ተቀመጥኩ። ፎቶ ተነሳሁ። ከዚያ ፈዝዤ ቀረሁ። የማሽኑ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። ከድምፁ ውስጥ ጽጌ ብላ እንጂ፣ ይበርዳል የምትለኝ መሰለኝ።

ቀና ስል አንዲት ሸምገል ያለች ነጭ ሴት ቆማለች። የገበያ ጋሪዋ ጎማ ተጣሞባት እሱን ስታቃና ዓይኗ ሳህኔ ላይ አረፈ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? አፌ ቀደመኝ። "እንብላ" አልኳት፣ በአማርኛ። ምን አልከኝ አለች። ነገሩን ማለፍ ስችል ተረጎምኩላት። ነይ አብረን እንብላ ማለት ነው አልኳት።

"ላቭሊ" አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

እናንተዬ፣ ይህን ወግ ታውቁታላችሁ። እኛ እንብላ የምንለው ሰውዬው ብሉ፣ ይባረክ ብሎ እንዲያልፍ ነው። ሰላምታ ነው። እሺ ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ሴትዮዋ ግን ሹካ አስመጣች። ሞሪን እባላለሁ አለች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ትኩር ብላ አየችኝና ሹፌር አልነበርክም እንዴ አለችኝ። አንድ ዝናባማ ጠዋት አፍንጫዋ ላይ በር ዘግቼባት ሄጄ ነበር አሉ። ይቅርታ ጠየቅኋት። የካሣ ያህል ሁለተኛውን እንቁላል ወሰደች።

ምን ላድርግ? ሙሉውን ሳትጨርሰው እኔም መብላት ጀመርኩ። እሷ ከዚያ እኔ ከዚህ፣ መሐል ላይ ተገናኘን። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ራሴን ታዘብኩት። ጽጌ ካረፈች ወዲህ ሳህን ስጨርስ የመጀመሪያዬ ነበር። አላፍርም፣ እንባዬ መጣ። ሞሪን ሽንኩርቱ ነው አለችኝ። ሽንኩርት አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ ሆነ ብዬ እንብላ ማለት ጀመርኩ። ኮንቴይነሩ ጋ ቶም ለሚባል ልጅ አልኩት። ከአዲሶቹ ፎቆች አሥራ አራተኛው ላይ ይኖራል፣ ሥራውም እዚያው ቤቱ ነው። ከሰው ጋር ፊት ለፊት ካወራሁ ሳምንቴ ነው አለኝ። የእኔን ድንች በላ፣ የራሱን ሰጠኝ። በፍልሰታ ጾም ደግሞ ዝርዝሩ ላይ ሰባተኛ ወዳለው የሕንዶች ቤት አዘወተርኩ። ሥጋ የሚባል በደጃቸው አያልፍም። ዶሳ የሚባል ነገር አላቸው፤ ሩዝና ጥራጥሬ ተቦክቶ ስስ ተደርጎ የሚጋገር፣ ኮምጠጥ የሚል፣ የእንጀራ የአክስት ልጅ በሉት። ቅቤ እንዳይነካው አደራ ስለው ባለቤቱ እናቴም እንደዚሁ ትጾማለች ብሎ ደስ አለው። ሞሪንም መጣች፣ ቶምም መጣ። አመሻሹ ረጅም ነው፣ የፎቆቹ መስተዋት በሙሉ ሮዝ ይሆናል። አንድ አውቶቡስ መብራት ይዞት ይቆማል። ሹፌሩ ወደኛ ያያል። እኔም አየዋለሁ። ሾርባዬ አልበረደም፣ አታስብ ልለው ይቃጣኛል።

ፎቶዎቹ ማንቸስተር ይደርሳሉ። ሳሮን ደወለች። ስለ ሳህኑ አልጠየቀችም፣ ሴትዮዋ ማናት አለችኝ። ሞሪን አልኳት። ስንት ዓመቷ ነው? ከኔ ትንሽ ትበልጣለች አልኩና ዘጋሁት። በእርግቦቹ ጊዜ ላፋጠጠችኝ ብድሬን መመለሴ ነው።

የእንቁጣጣሽ ሰሞን ቅዳሜ ሳሮን ከተፍ አለች። ሻንጣ ይዛለች። አነሳሁት፣ ባዶ ነው። የእኔን ልብስ ሊወስድ የመጣ ሻንጣ። ቀበቶዬን አየችልኝ፤ በምስማር የበሳኋቸውን ሁለቱንም ትቼ በዱሮው ቀዳዳ ነው የታጠቅሁት። እሷ ግን ቀበቶ ብቻውን አያሳምናትም። አባዬ፣ መክበዱን ከብደሃል፣ ግን ብቻህን አንድ ነገር ብትሆን ማን ያውቃል አለችኝ። ነይ ምሳ እንብላ ብዬ ወደ ዶሳው ቤት ወሰድኳት።

ቤቱ ጢም ብሏል። ሰልፉ አስፋልት ደርሷል። አጮልቀን ስናይ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሞሪን አለች፣ ቶም አለ፣ ቶም ያመጣቸው ሁለት የፎቅ ልጆች አሉ። ሞሪን ቀድማ አየችኝ። ሹካዋን ከፍ አድርጋ፣ "እንብላ!" አለች። ቶምና ልጆቹ ተቀበሏት። ባለቤቱ ሳይቀር ከማብሰያው ኋላ እንብላ አለ። ጥርት ያለ፣ የአዲስ አበባ እንብላ። ሳሮን አፏን ከፍታ ቀረች። በዚያች ቅጽበት ያሸነፍኩ መሰለኝ።

እኔስ ምን አደረግሁ? የአባቴ ልጅ አይደለሁ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁና፣ ብሉ ብሉ፣ እኛ ጠግበናል አልኩ።

እሺ አሉ። ወደ ሳህናቸው ተመለሱ።

ቆምኩ። ሁለተኛውን እየጠበቅሁ ነው። ዶሳው እየተቆረሰ ነው። ሆዴ ጮኸ። ሳሮን መጀመሪያ ወደ እነሱ አየች፣ ቀጥሎ ወደ እኔ፣ ከዚያ የኬኩ ወሬ ትዝ አላት መሰለኝ ግድግዳ ተደግፋ ትስቅ ጀመር። የእናቷን ሳቅ። ሁለት ዓመት ያልሰማሁትን። እንባዋን እየጠረገች፣ "አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ግማሹን ብቻ ነው ያስተማርካቸው" አለችኝ። "ሌላውን ግማሽ ሳታስተምራቸው ወዴትም አትሄድም።" ከዚያ ክንዴን ይዛ እየጎተተች አስገባችኝ።

ሻንጣው በርበሬና ሽሮ ተሞልቶ፣ ያለ እኔ፣ ከሳሮን ጋር ማንቸስተር ተመለሰ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለተኛውን ትምህርት በሞሪን ጀመርኩ። ሰው ጠግቤያለሁ ቢልሽ እሺ አትበይው፣ ሦስት ጊዜ ለምኚው፣ በመጨረሻ በሞቴ በይው አልኳት። ምን ማለት ነው አለችኝ። ካልበላህ እኔ ልሙት እንደማለት ነው አልኳት። ሞሪን ሹካዋን አስቀምጣ ብዙ አሰበችበት።

"በሰማንያ አንድ ዓመቴ ለዶሳ ብዬ አልሞትም" አለችኝ። "ከፈለግህ ብላ። ካልፈለግህ እኔ አለሁ" ብላ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

እናንተዬ፣ ሦስት ጊዜ መለመኑ ቀርቶ እንዲህ ፈጥኜ በልቼ አላውቅም።