ጠረጴዛ የሚያስመታ እንግሊዝኛ

እንግሊዝኛ የሚያዳላ ቋንቋ ነው! አትቆጡኝ፤ ሃያ ዓመት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከአንድ ቃል ውስጥ አንዱን ድምፅ መርጦ ያሞላቅቅና የቀሩትን ይውጣቸዋል። እኛ የፊደል ልጆች ግን ቃል የምናነበው ቅርጫ እንደምንካፈል ነው... ለሁሉም እኩል መደብ! «ቬ-ጂ-ቴ-ብል» ብለን አንዱንም ሳናስቀይም እንጨርሳለን።

ታዲያ በቅርቡ እኛ የእንግሊዝኛ መምህራን ደብረ ሲና ለአነጋገር ሥልጠና ተጠራን። አሠልጣኛችን ልጄ የምትሆን ወጣት ናት።

«መምህር፣ 'ቬጅ' ላይ ይምቱና የቀረውን ይዋጡት» አለችኝ።

«ምን ያህል ልዋጠው?»

«እስኪጠፋ ድረስ!»

እንድንለምደው ብላ ጠንካራው ድምፅ ላይ ስንደርስ ጠረጴዛ እንድንመታ አዘዘችን። በዚያ ብርድ ጠረጴዛ መምታት ያሞቃል፤ ወደድኩት! ሦስት ቀን ስደበድብ ሰንብቼ ወደ ቤቴ ሸዋ ሮቢት ስወርድ አንደበቴም መዳፌም ሠልጥኖ ነበር።

በማግስቱ ጎረቤቴ ሐጂ ኡመር በሬን አንኳኩ። የማሾ ገበሬዎች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው።

«መምህር፣ ማሾ የሚገዛ ፈረንጅ መጥቶ አስተርጓሚው ቀረበት። ዛሬ ካልተግባባን አጣዬ ሄዶ ይገዛል። የአርባ ገበሬ ልፋት መጋዘን ውስጥ ነቀዝ ሊበላው ነው።»

«ሐጂ፣ እኔ እያለሁልዎ?» አልኩ። ጉራ መቼ ማሰብን ያስቀድማል!

ስብሰባው ተጀመረ። ፈረንጁ ሲናገር ግማሹን ዋጠው። እኔም አላንስም ብዬ ዋጥኩ። እሱ የዋጠውን እኔ አልሰማሁ፣ እኔ የዋጥኩትን እሱ አልሰማ... ሁለታችንም ጠግበን ተፋጠጥን! ስለ ማሾው ጥራት ላስረዳ «ኳ!» ብዬ ጠረጴዛውን ጓ አደረግኩና «ሊቲ»ን ዋጥኳት። ፈረንጁ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። በደንብ አልመታሁ ይሆናል ብዬ ጨመርኩለት፤ ብርጭቆ ተደፋ። እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰልኝ።

እናንተዬ፣ በእኛ ይፋት ውስጥ ሁለት ሰው እየተጯጯኸ ጠረጴዛ ከተመታ ምክንያት የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ መገላገል ነው። ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ!

«አስተግፊሩላህ! ተው መምህር፣ እንግዳ እኮ ነው!» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ አልተጣላንም! አነጋገሩ ነው!»

«የተጣላ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ሸይጣን መሃል ገብቶ ነው፤ በሉ ይቅር ተባባሉ!»

ሁለት ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ እጄን ጥርቅም አድርገው ይዘው ከፈረንጁ ጋር ትከሻ ለትከሻ አገናኙኝ። ዱዓ ተደረገ። ፈረንጁም እንደ ሰዎቹ እጁን ዘርግቶ፣ ግራ እንደተጋባ «አሚን» አለ። እኔ አፈርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ አርባ ሰው በእኔ ጉራ ገበያ ሊያጣ ነው!

ፈረንጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ፣ ቀስ ብሎ በእንግሊዝኛ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ልመልስ ብል ሽማግሌዎቹ እጄን አለቀቁኝም፤ በምን ልምታ? ቸገረኝና በዚያው በድሮው እንግሊዝኛዬ፣ አንድም ድምፅ ሳልውጥ፣ ሁሉንም አስረዳሁት። ፊቱ በራ! እሱም ቀስ እያለ መለሰ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማሾው ተሸጦ ውሉ ተፈረመ።

ሐጂ ኡመር ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አያችሁ? ቋንቋውስ ነበራቸው፤ ያጡት ሽማግሌ ነው።»