ወይዘሮ ሸዋሉል በትኬት መስኮት

ከተማ ሁሉ አንድ ወረፋ የሚያቆም ሰው አለው። በፖስታ ቤቱም ሆነ በቀበሌው ደጅ ተራችሁ ሊደርስ አንድ ሰው ሲቀር፣ ያ የቀረው አንድ ሰው እሱ ነው። ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ ከኋላው ሃያ ሰው እያጉረመረመ፣ እሱ ግን ገና "አልገባኝም፤ እንደገና በለው" ይላል። አሶሳ ውስጥ ይህን ከባድ ኃላፊነት ለዓመታት ተሸክማ የኖረችው ክብርት ወይዘሮ ሸዋሉል ነበረች።

ሸዋሉል ፊደል አልቆጠረችም። ያም ሆኖ በከተማው ውስጥ ከእሷ የበለጠ ወረቀት ያስነበበ ሰው አልነበረም። ጊዜው ክልሉ ገና የተቋቋመበት ነው። በየሳምንቱ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ አዲስ ማኅተም ይቀረጻል፣ አዲስ ማስታወቂያ ይለጠፋል። የማስታወቂያው ሙጫ ሳይደርቅ ሸዋሉል ከሥሩ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ትይዛለች።

"የኔ ጌታ፣ እስቲ አንብብልኝ። ሁሉንም።"

መከራው "ሁሉንም" የምትለው ላይ ነበር። አንድ ቀን አንድ መምህር ቸኩሎ "ዋናው ነገር ምን መሰለሽ..." ብሎ ሊያሳጥርላት ቢሞክር፣ "ዋናውንስ እኔ እመርጣለሁ፤ አንተ ብቻ አንብብ" አለችው። የመድኃኒት ቤቱ ሀብቱ ደግሞ ለራስ ምታት ኪኒን ሲሸጥላት፣ ከካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ የሚወጣውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች እያነበበ ተርጉሞላት ጉሮሮው ደረቀ። "ለነፍሰ ጡር አይሰጥም" የሚለው ጋ ሲደርስ፣ ሃምሳ ዓመቷን የደፈነችው ሸዋሉል አንገቷን ነቅንቃ "ይሄስ አልፎኛል፤ ቢሆንም ቀጥል" አለች።

መዝለል አይታሰብም። የምትመለከተው የአንባቢውን አፍ ሳይሆን ዐይኑን ነው። "አሁን ዐይንህ ወርዷል፤ አፍህ ግን ላይ ቀርቷል። ተመለስ" ትላለች። ስህተትም አልነበረባትም።

የባሰው ዕጣ የደረሰው በኃይሉን ነው። በኃይሉ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የአውሮፕላን ትኬት ሠራተኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመቱ፣ ላጤ፣ ወደ አገሩ የሚዛወርበትን ቀን የሚቆጥር። ያለው አንድ ክፍል ቢሮ፣ አንድ ሬዲዮና አንድ የመስተንግዶ መስኮት ነው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ማንጎው ሥር፣ ሸዋሉል ሻይና ዳቦ ትሸጣለች። ለራሷ አንድም ቀን ትኬት ቆርጣ አታውቅም። ሻይ ሊጠጣ የተቀመጠውን መንገደኛ ሁሉ ግን ትኬቱን ተቀብላ ታገላብጥበታለች። "ጀርባው እንዲህ ጢም ብሎ የተጻፈበት ምን ቢል ነው?" መንገደኛው "እኔ እንጃ" ያለ እንደሆነ ክንዱን ይዛ ወደ በኃይሉ። በኃይሉ ሰማያዊ ሻሿን በመስታወቱ ባየ ቁጥር የምሳ ሰዓት እንዲደርስ ይጸልይ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቢሆንም።

በዚያ ዓመት፣ ዝናቡ ገና ሳይወጣ፣ ከሱዳን ጋር ነገር ተበላሸ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ከአዲስ አበባ በሬዲዮ መልእክት መጣ። ድንበሩ ተዘግቷል፤ የካርቱም በረራም ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል፤ የካርቱም ትኬት የያዘ ሰው ቢመጣ "ጠብቁ" ተብሎ ይመለስ። በኃይሉ መልእክቱን መዝገብ ላይ ጻፈ። መጀመሪያ የመጣችው ሂባ ነበረች።

ሂባ የአገሬው የበርታ ብሔር ሴት ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ካርቱም የኖረች። ከሆሞሻ ወዲያ ያለው አባቷ ሞቶ ለለቅሶ መጥታ፣ ቅዳሜ ከአሶሳ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ካርቱም የሚል ትኬት ይዛለች።

"በረራው ቆሟል፤ ይጠብቁ" አላት በኃይሉ።

"እስከ መቼ?"

"አይታወቅም።"

ሂባ ነጠላ መሳይ ቶቧን በትከሻዋ ላይ አስተካከለች። "ልጅ አለኝ እኔ፣ ካርቱም። ሴት ነው። አራት ዓመቱ ነው" አለች፤ አማርኛውን አንድ በአንድ እየፈለገች። "ባሌ ሥራው ባሕር ላይ ነው፣ ሩቅ። ልጄን ለጎረቤት 'በዐሥር ቀን እመለሳለሁ' ብዬ ሰጠሁት። ዛሬ ስምንት ነው።"

"በድንበሩ ከተማ በኩርሙክ በኩል በመኪናስ?"

"ኩርሙክ ወታደር አለ። ሰው አያሳልፍም።"

በኃይሉ "እንግዲህ ይጠብቁ" ብሎ ደገመላት። ሂባ ወጥታ ማንጎው ሥር ተቀመጠች። በኃይሉም መስኮቱን አሻግሮ አይቶ፣ ማን አጠገብ እንደተቀመጠች አስተዋለ።

ሻይ ፈልቶ ሳይወርድ ሰማያዊው ሻሽ ደረሰ።

"አንተ ልጅ፣ ይቺን ሴት ጠብቂ ያልካት ወረቀቱ ብሎ ነው ወይስ ሰው ብሎ?"

"አለቃዬ ብሎ ነው፣ እትዬ ሸዋሉል። የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ድንበር ተዘግቷል።"

"ድንበሩን አንተ አልዘጋህም፤ አውቃለሁ። የትኬቱ ጀርባ ምን ይላል?"

በኃይሉ ትንፋሹን ስቦ አነበበ። ስለ ሻንጣ፣ ስለሚጠፋ ዕቃ፣ ስለ ሰዓት። መጨረሻው ላይ "ዝርዝሩን ደንብ መንገደኛው በማንኛውም የድርጅቱ ቢሮ ጠይቆ መመልከት ይችላል" የሚል መጣ። ይህቺን መስመር ሊዘላት አስቦ ነበር፤ ዐይኑን እያየችው ነበርና አልቻለም።

"ሸጋ" አለች ሸዋሉል። "ቢሮው ይሄ ነው። ጠይቀናል።"

ደንቡ ነበር። የሚዘጋው መስኮት እንዳይዘጋ ደግፎ ያቆመው ወፍራም መጽሐፍ እሱ ነው። በኃይሉ ሲያወጣው መስኮቱ ዱብ አለ። ከዚያ እንግሊዝኛውን እያየ በአማርኛ ማንበብ ጀመረ። ከኋላ ወረፋ የያዙት ሁለት የቢሮ ሰዎች ቆይተው ቆይተው ሄዱ። ገጽ አርባ አንድ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ፤

"በረራው በመንግሥት ትእዛዝ ወይም ከአጓጓዡ አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ቢሰረዝ፣ አጓጓዡ ለሚደርሰው መጉላላት ተጠያቂ አይሆንም።" መጽሐፉን ከደነ። "ይኸው፣ እትዬ ሸዋሉል። ግልጽ ነው።"

ሂባ አቀረቀረች። ሸዋሉል ግን መጽሐፉን በመዳፏ ያዘች።

"ከዚያ በታች አራት መስመር ነበር፤ አየሁት። ምንድነው?"

በኃይሉ ፊቱ ጋለ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በታች ምን እንዳለ አላነበበም፤ የጠቀመው ቦታ ላይ ሲደርስ ነው ያቆመው። እንደገና ገለጠ። በዝግታ አነበበ፤ መጀመሪያ ለራሱ፣ ከዚያ ለእነሱ።

"ይሁን እንጂ... መንገደኛው፣ ወይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሌላ መንገድ ወደ መድረሻው እንዲጓጓዝ፣ ወይ ገንዘቡ እንዲመለስለት፣ የመምረጥ መብት አለው። ምርጫው የመንገደኛው ነው።"

"የማን ነው አለ?"

"የመንገደኛው።"

ሸዋሉል ወደ ሂባ ዞረች። "ምረጪ፣ እህቴ።"

"ልጄ ጋ" አለች ሂባ።

በኃይሉ ሬዲዮውን ከፈተ። የአዲስ አበባው አለቃ "ይጠብቁ ብዬህ የለም?" ብሎ ተቆጣ። በኃይሉ አንቀጹን አነበበለት።

"ይሄንን ማነው ያነበበው?"

"እኔ ነኝ። አስነበቡኝ።"

"ማን?"

በኃይሉ በመስኮቱ አሻግሮ አየ። "ሕዝቡ" አለ።

አለቃው "ነገ ጠዋት እነግርሃለሁ" ብሎ ዘጋ። ያን ከሰዓት ዝናብ ጣለና ሸዋሉል ብርጭቆዎቿን ሰብስባ ከሂባ ጋር ቢሮው ውስጥ ተጠለሉ። መንገደኛ አልነበረም። በኃይሉ ለዓመት ያህል ሲብሰለሰልበት የኖረውን ጥያቄ ጠየቀ።

"እትዬ ሸዋሉል፣ ይህ ሁሉ ማስነበብ ከየት የመጣ ነው?"

ሸዋሉል መጀመሪያ ሻይ ቀዳችለት።

"ወሎ ነበርኩ፤ በሰባ ሰባት። በድርቁ ጊዜ መጠለያ ውስጥ ነን፣ እኔና እናቴ። እናቴ ውኃ ልትቀዳ ሄደች። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ መጣ። ምን ይላል ብዬ ብጠይቀው፣ 'እህል ማግኛ ነው፤ አንቺ ጣትሽን ብቻ' አለኝ። ጣቴን ሰጠሁት። በዚያው መኪና ላይ ጫኑን፤ ከመኪናው አውሮፕላን። እናቴን ልጥራ ብል ማን ይስማ። ስወርድ አሶሳ ነው። አሶሳ የሚባል አገር እንዳለም አላውቅም ነበር።"

"ከዚያስ እናትዎ?"

"ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ ያገሬ ሰው መጥቶ ነገረኝ። ውኃውን ይዛ ተመልሳ እዚያው ቦታ ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር አሉ። የትም አልሄድም ብላ። እዚያው ሞተች።" ብርጭቆዋን በጣቷ አዞረች። "ያን ወረቀት እስካሁን ምን ይል እንደነበር አላውቅም።"

ሂባ ሁሉንም አማርኛ የተረዳች አይመስልም፤ እጇን ግን ሸዋሉል ጉልበት ላይ አሳረፈች።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ መልሱ መጣ። ሂባ ከአዲስ አበባ በየመኗ ሰንዓ በኩል ዞራ ካርቱም ትገባለች። በኃይሉ አዲሱን ትኬት ሁለት ጊዜ አጥፍቶ ጻፈው። ከጨረሰ በኋላ ማንም ሳይጠይቀው ፊቱንም ጀርባውንም አነበበላቸው።

ቅዳሜ ሸዋሉል የሂባን ሻንጣ ተሸክማ እስከ አውሮፕላን ሜዳው ሸኘቻት፤ በኃይሉም አብሯቸው ሄደ። አውሮፕላኑ ጭቃውን እየረጨ ሲያርፍ ግን እግሯ ቆመ። የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ የሚፈራት ያቺ ሴት የበኃይሉን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

"የምትወርደው የተጻፈበት ቦታ ነው? እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ሂባ መሰላሉን ከመውጣቷ በፊት ተመልሳ ሸዋሉልን አቀፈቻት። "አላህ ይስጥሽ፣ እናቴ" አለቻት።

በሚቀጥለው ሰኞ ሸዋሉል ማንጎው ሥር አልነበረችም። ማክሰኞም የለችም። በኃይሉ ወረፋውን በሩብ ሰዓት ጨረሰ፤ ማንም አላስቆመውም፤ ማንም ምንም አልጠየቀውም። አራት ሰዓት ላይ ሥራ አልቆ፣ በሩን በሩን እያየ መሆኑን አስተዋለ። ረቡዕ ዕለት ከሰንዓ በአዲስ አበባ በኩል መልእክት ደረሰው፤ ቢሮውን ዘግቶ በጭቃው ውስጥ በእግሩ ሸዋሉል ወደምትኖርበት የሰፈራ መንደር፣ ወደ አምባ ስምንት ሄደ። ሰፋሪዎቹ ቤቷን አሳዩት።

ወባ ይዟት ተኝታለች። ፊቷ ከስቷል፤ ሻሹ ወርዶ ሽበቷ ይታያል።

"እትዬ ሸዋሉል፣ ሂባ ካርቱም ገብታለች።"

"ልጅቷስ?"

በኃይሉ አፉን ከፈተ። "ደህና ናት" ማለት ቀላል ነበር፤ የታመመችን ሴት ለማስደሰት ማን ይወቅሰዋል። መልእክቱን የጻፈበትን ወረቀት ተመለከተ።

"ስለ ልጅቷ አይልም" አለ። "መንገደኛዋ ደርሳለች ብቻ ነው የሚለው። እጠይቃለሁ።"

ሸዋሉል ረዘም አድርጋ አየችው። "ሸጋ" አለች ቀስ ብላ፤ በርጩማውንም በእጇ ጠቆመችው።

በማግስቱ በኃይሉ በሬዲዮ ጠየቀ። አዲስ አበባዎች ሳቁበት፤ የአራት ዓመት ሕፃን ማጠያየቅ የእኛ ሥራ ነው ወይ አሉት። እሱ ግን ዓርብም ጠየቀ፤ ቅዳሜም ሁለት ጊዜ ጠየቀ፤ ሰኞ አለቃው ድምፁን ሲሰማ "አንተ ሰውዬ ዛሬም?" አለው። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ትኬት የሸጠላት የካርቱም ወኪል በሰንዓ በኩል ተጠየቀ። መልሱ በስድስተኛው ቀን መጣ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ናት። ጎረቤትየዋ ቃሏን ጠብቃ አቆይታታለች።

በኃይሉ ይህንን ይዞ ሲደርስ ሸዋሉል ትኩሳቱ ለቋት ቁጭ ብላ ነበር። ነገራት። ጋቢዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በኃይሉ በርጩማው ላይ ተቀምጦ እስኪያልፍላት ጠበቀ። ውጭ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር።

ሊሄድ ሲነሳ "ነገ ይመጣሉ?" አላት።

"እግሬ ከቻለ።"

"ካልቻለም ግድ የለም" አለ በኃይሉ። "እኔ እመጣለሁ።"